የወርቃማው አጋዘን ጠርሙሶች

ሴፕቴምበር 4፣ 1864፣ እሑድ

ይህ ደብተር የቶቢያሽ ነበር። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና አበባና አክሊል ሲነድፍበት ኖሮ ግማሹ ላይ ሲደርስ ሞተ። የቀረው ወረቀት ባዶ ነው። ወረቀት ተጥሎ ሲቀር ያናድደኛል፣ ስለዚህ እኔ እጨርሰዋለሁ። ለማንም አላሳይም።

ሥራ መጥቶልናል። ባለፈው የብርድ ወራት የወርቃማው አጋዘን መድኃኒት ቤት ጣሪያ በበረዶ ክብደት ተደርምሶ መደርደሪያውን ከነጠርሙሶቹ አድቅቆት ነበር። ቤቱን ከሽማግሌው የገዛው ወጣት ባለመድኃኒት፣ ዱሼክ ይባላል፣ የተሰበሩትን ልክ እንደ ድሮዎቹ አድርጌ እንድተካለት ይፈልጋል። ሰማያዊ ጠርሙስ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ሜዳ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ፣ ከላይ ዘውድ የተሸከሙ ሁለት አጋዘኖች፣ መሃል ላይ የመድኃኒቱ ስም በላቲን። የድሮዎቹን የሳላቸው አማቴ ነበር። መቶ ሃያ ጠርሙስ፣ እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል፣ እስከ ኖቬምበር 11። እሺ አልኩት።

እጄ እንዴት እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ቀኝ እጄ ከአንጓው ላይ መንጠልጠል ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሳህን እይዛለሁ፣ ጽጌረዳም እስላለሁ፣ ቀጭን ፊደል ግን እምቢ ብሎኛል። አምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እርጅና ነው። ፊደሉን ምራቴ ዮሃንካ ትጽፈዋለች።

ሴፕቴምበር 7

ዛሬ ዮሃንካን ፊደል ላይ አስቀመጥኳት። ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ቅጠል ብቻ ነበር የማስቀባት። የታች አገር የገበሬ ልጅ ናት፣ እጇ ወፍራም ይመስላል፣ ነገር ግን ሲይዙት ልስልስ ነው። አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው ዓመት የያዘችው በአራተኛ ወሩ ወርዶባታል፣ ስለዚህ ይህኛውን እንደ እንቁላል ተሸክማ ነው የምትሄደው።

ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረችና ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ልታሾል ስትል ያዝኳት። በእኛ ቤት የብሩሽ ጫፍ የሚሾለው በከንፈር ነው። አማቴ ለእኔ ያስተማረኝ ሙሽራ ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው። በከንፈር መካከል ሳብ፣ ዞር፣ አንድ ጸጉር እስኪመስል። ጨርቅ የብሩሹን ጸጉር ይበትነዋል።

«እማማ፣ በጨርቁ ብሞክረውስ?» አለችኝ።

«ላም ስታልቢ የኖርሽ ልጅ ብሩሽ ልታስተምሪኝ ነው? ከንፈርሽ ለማቱሽ ብቻ የተሠራ መስሎሻል እንዴ?»

ልጄ ማቱሽ ከመስታወት ማቅለጫው ለምሳ መጥቶ ነበርና ሾርባው እስኪያንቀው ሳቀ። እሷ እስከ አንገቷ ቀላች። ከዚያ ብሩሹን አፏ ውስጥ ከተተችው። ይጣፍጣል አለች፣ ስኳር የነካው ውሃ ይመስላል፣ ግን ያቅለሸልሸኛል። ነፍሰ ጡር ምን የማያቅለሸልሻት አለ አልኳት።

ሴፕቴምበር 12

አሥራ አራት ጠርሙስ። ሁለቱ እቶን ውስጥ ተሰነጠቁ። እሳቱ በዛ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሴፕቴምበር 25፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ከኋላዬ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማኋት። የቀለም ቀቢዎቹ ቤት የሕፃን አልጋ አያውቅም፣ ይቺም እንደ አማቷ ናት አለች። ዞር ብዬ ጠዋት የገዛሁት ዳቦ መሃሉ አልበሰለም አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ዮሃንካ ሥራዋን ጥላ ሆዷን ያዘች። ደነገጥኩ። ተራገጠ አለችኝ፣ ሁለቴ። ማቱሽ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጥፎ አልነሳ አለ። እኔ ሳህን አጥባለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። እንባዬ ስለመጣ ነው።

ሴፕቴምበር 30

ፊደሏ ከእኔ ይበልጣል። እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ እንጂ ለእሷ አልነግራትም፣ ትኮራብኛለች። የአማቴን እጅ የያዘች ትመስላለች። ቶቢያሽ ቢያያት።

ኦክቶበር 5

ዮሃንካ ሆዷን ይቆርጣታል። ከወገቧ አጥፎ ያስቀምጣታል፣ ከዚያ ይለቃታል። ከሙን አፍልቼ ሰጠኋት። ፊቷ የአመድ መልክ ይዟል። የገበሬ ልጅ ሲባል ጠንካራ የመጣችልን መስሎኝ ነበር። ቁርጠት ይሄንን ቤት ይወደዋል፣ ቶቢያሽም ሲሞት ቁርጠቱ ነበር ያንቀጠቀጠው።

ስልሳ ስምንት ጠርሙስ።

ኦክቶበር 14

ዱሼክ ሥራውን ሊያይ መጣ። ወደደው። የመርዝ ሳጥኑን ስድስት ጥቁር ጠርሙሶች ዝርዝርም ይዞ መጥቷል፣ እነሱ በጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ናቸው።

በሩ ላይ ስሸኘው አንድ ነገር ነገረኝ። አላመንኩትም።

ኦክቶበር 16፣ እሑድ

ሁለት ቀን ልተወው ሞከርኩ፣ አልተወኝም። ስለዚህ እዚህ ላስቀምጠው። ዮሃንካና ማቱሽ ለመንደሩ በዓል ወደ ጭፈራው ሄደዋል፤ እሷ ተቀምጣ ልታይ ነው፣ እሱ ሊጠጣ። ቤቱ ዝይ ዝይ ይሸታል።

ዱሼክ መጥቶ ከዮሃንካ ጀርባ ቆሞ ነበር። ባመጣው ዝርዝር መሠረት የመጀመሪያውን ጥቁር ጠርሙስ ጀምራለች። ብሩሹን ወደ ከንፈሯ ስትወስድ አየ። ደግማ ስትወስድ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና እስቲ ጥርስሽን አሳይኝ አላት። ፈረስ ልትገዛ ነው ወይ ብላ ሳቀችበት፣ ግን አሳየችው። ከድዷ ጫፍ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር አለ። እኔ ከዚህ በፊት አላየሁትም። ወይም አይቼው ነገሬ አላልኩትም፣ ምክንያቱም በራሴም በቶቢያሽም ድድ ላይ የማውቀው ነው።

በሩ ላይ ቆምን።

«እሜቴ አፖሌና፣ አሁን የምትጽፈው ጠርሙስ ውስጥ ምን እንደሚገባ ያውቃሉ?»

እኛ ፊደሉን እንስለዋለን እንጂ ላቲን አናውቅም አልኩት።

«የእርሳስ ጨው ነው። ጥይት የሚሠሩበት እርሳስ። እኔ ቆልፌበት ነው የማድረው። ቀለማችሁም ሁሉ እቶን ውስጥ እንዲቀልጥ የሚገባበት ማሟሚያ ያው እርሳስ ነው፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እየላሰችው ነው።»

ቶቢያሽ አርባ ዓመት ልሶታል አልኩት። ቶቢያሽ በምን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ እርሳስ ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ እንደሚገድል፣ በዚህ ሥራ ያሉ ሴቶች ጽንስ እንደማይቆይላቸው ሐኪሞች የጻፉትን እንዳነበበ ነገረኝ። ዛሬውኑ ያስቁሟት፣ ጠርሙሱ ይቆየኛል፣ አልቸኩልም አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ነው የተናገረው።

ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ በሰው ቤት ገብቶ ያዛል። አማቴም ልሷል፣ የአማቴ አባትም። ሥራው ገዳይ ቢሆን ኖሮ እኛ ከየት መጣን?

ዝይውን ሳላወጣው ቆየሁና አንድ ጎኑ አረረ።

ኦክቶበር 18

ዛሬ ለዮሃንካ፣ እስቲ እንደ ድሮሽ በጨርቁ ሞክሪው አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

«አሁን? እጄ ከለመደ በኋላ?» ብላ ሳቀች። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት ያስለመዱኝ። በጨርቅ ፊደሉ ይደፈርሳል። ይኸው ይዩት።»

በጨርቅ ጻፈችና አሳየችኝ። እውነቷን ነው፣ ይደፈርሳል። እንግዲያው አፍሽን ተጉመጥመጪ አልኳት፣ የውሃ ማሰሮ አጠገቧ አስቀመጥኩ። እሺ አለች። ሁለቴ ተጉመጠመጠች፣ ከዚያ ረሳችው። እኔም አላስታወስኳትም።

ኦክቶበር 24

ዘጠና አንድ። ብርድ ገባ። ዮሃንካ ቁርጠቱ ተመለሰባት። ማቱሽ ዶሮታን፣ አዋላጇን፣ ጠራት። ዶሮታ ሆዷን ነካክታ ልጁ ደህና ነው፣ የጎመን ነፋስ ነው አለች። ዶሮታ ሠላሳ ዓመት አዋልዳለች፣ ዱሼክ ስንት አዋለደ?

ኦክቶበር 29

ልነግራት ተነሳሁ። ሥራ ቤት ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ፣ «እማማ፣ ይሄ ልጅ ሴት ከሆነች በእርስዎ ስም ነው የምጠራት፣ ማቱሽ እሺ ብሏል» አለችኝ። ጽጌረዳዬን መሳል ጀመርኩ።

ኖቬምበር 2፣ የሙታን ቀን

መቃብር ሄድን። ነፋሱ ሻማውን እያጠፋ አስቸገረን፤ ማቱሽ በኮቱ ከለለልን። ለቶቢያሽ አንድ። ሦስት ቀን ለኖረችው ለሉድሚላ አንድ። አሥራ አንድ ቀን ለኖረው ለያኩብ አንድ። ከዚያ እንደየዓመቱ ልጆቹ ወደ ቤት ሲያቀኑ እኔ ወደ አጥሩ ጥግ ሄድኩ። ሁለቱ ሞተው ስለተወለዱ አልተጠመቁም፣ ያልተጠመቀ እዚያ ነው የሚቀበረው። ለእነሱ ሻማ አይበራም ይላሉ ቄሱ፤ እኔ አበራለሁ።

አጥሩ ጥግ ቆሜ ቆጠርኩ። አልፈልግም ነበር፣ ራሱ ተቆጠረ። ሉድሚላ ስትረገዝ የጳጳሱን የጠረጴዛ ዕቃ እንሠራ ነበር። ያኩብ፣ ያው። ሁለቱ ሞተው ሲወለዱ ቶቢያሽና እኔ ሌሊትና ቀን ፊደል ላይ ነበርን። ማቱሽ ብቻ... የማቱሽ ዓመት እኔ ምንጩ ጋ በበረዶ ተንሸራትቼ ቀኝ ክንዴ ተሰብሮ ነበር። አሥራ አንድ ወር ብሩሽ አልያዝኩም። ቶቢያሽ ብቻውን እየሠራ ይነጫነጭ ነበር። ማቱሽ ተወለደ፣ አራት ኪሎ፣ መንደሩን በጩኸት አናወጠው።

ክንዴ በመሰበሩ እግዚአብሔርን የተማረርኩበት ዓመት ነው።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኖቬምበር 3

ለእሷ ከነገርኳት ለራሴም መንገሬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዱሼክ አልቸኩልም ብሎኛል፣ ማንም አልገፋኝም። ለቅዱስ ማርቲን ብያለሁ፣ ቃሌ ነው እያልኩ ራሴን አሞኛለሁ። አሥራ ሰባት ጠርሙስ ቀርቷል። አሥራ ሰባት ምን ያመጣል? ሌላውን ሁሉ ጽፋ የለም ወይ?

ኖቬምበር 6፣ እሑድ

እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። የሚንጠለጠለውን እጄን። ልጁ ከውስጥ ገፋኝ፣ አንዴ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ። ተረከዙ ነው አለች። ነገ እነግራታለሁ።

ኖቬምበር 7

ዘጠኝ ቀረ።

ኖቬምበር 9

አለቀ። የመጨረሻው እቶን ውስጥ ነው።

ኖቬምበር 11፣ ቅዱስ ማርቲን

በጭድ ጠቅልለን በጋሪ ወሰድናቸው። ዱሼክ መደርደሪያው ላይ ሲደረድራቸው የከተማው ሰው በመስኮት ተሰብስቦ አየ። አዲሱና አሮጌው አይለይም፤ ሽማግሌው የቀድሞ ባለመድኃኒት ራሱ መጥቶ የአማቴ የትኛው፣ የዮሃንካ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው። ዮሃንካ ስሙን ያላወቀችውን መድኃኒት ሁሉ በጣቷ እያሳየች ይሄ ለምንድነው፣ ይሄስ ትላለች። ዱሼክ ለሳል፣ ለትኩሳት፣ ለእንቅልፍ እያለ ነገራት። ጥቁሮቹ ጋ ሲደርሱ እነዚህ ለምንም አይደሉም አላትና አየኝ።

ከዚያ ወደ ጥግ ወሰደኝና «ነግረዋታል አይደል?» አለኝ።

«ነግሬያታለሁ» አልኩት።

ስንመለስ ዘንድሮ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ዮሃንካ ጋሪው ላይ እየዘፈነች መጣች።

ኖቬምበር 13፣ እሑድ

ከዓርብ ማታ ጀምሮ አልተራገጠም ትላለች። ልጆች ሆድ ውስጥም ይተኛሉ አልኳት። ትልቅ ሲሆኑ ቦታ ይጠባቸዋል አልኳት። ምን ያላልኳት አለ?

ኖቬምበር 14

ዶሮታ ጆሮዋን ለጥፋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ማቱሽን ውሃ አፍላ ብላ ላከችው።

ኖቬምበር 16

ወንድ ነው። ጠዋት ነው የተወለደው። አላለቀሰም። ጥፍር ነበረው። ጸጉሩ የማቱሽ ነው።

ኖቬምበር 17

ማቱሽ ሳጥኑን ራሱ ሠራው። ቄሱን ለመነው፣ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሕጉ ነው። አጥሩ ጥግ ቆፈሩለት። ቦታውን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የት የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እንዳይነኳቸው።

ኖቬምበር 20

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ትኩስ ዳቦ ይዛ መጥታ ደጃፍ ላይ አለቀሰች። ያለቀሰችው ከልቧ ነው። ልሰድባት አቅም አላገኘሁም፣ ዳቦውን ተቀብዬ ገባሁ።

ዮሃንካ ጡቷ ወተት ሞልቶ ያማታል። ዶሮታ በጨርቅ አሰረችላት። ለማን እንደመጣ ያላወቀ ወተት።

ቀለሞቹን ሁሉ ከመደርደሪያ አውርጄ ጓዳ ቆለፍኩባቸው። አሁን።

ኖቬምበር 27፣ እሑድ

ዛሬ ዮሃንካ ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ጸጉሯን ጎነጎነች፣ ድንች ልላጥ ብላ ከፊቴ ተቀመጠች። ማቱሽ ከቅዳሴ በኋላ ከማቅለጫው ሰዎች ጋር እንጨት ሊያወርድ ሄዷል። ሁለታችን ብቻ ነን። ሁለት ድንች ላጠችና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በምን አልኳት።

«ሁለተኛዬ ነው። ማቱሽ ልጅ ይወዳል። እኔ የማልጠቅም ሆኜ ከሆነ ወደ አባቴ ቤት ልመለስ፣ እሱ ሌላ ያግባ። ብዙ አስቤበት ነው። እርስዎ አራት ቀብረው ቀጥ ብለው ሲሠሩ ኖሩ፣ እኔ ግን ከጥንቱም ደካማ ነኝ። አንድ ያልተነገረኝ ጸሎት ካለ፣ ወይም የሠራሁት ጥፋት ካለ ይንገሩኝ፣ አልቀየምም።»

እያለቀሰች አልነበረም። ከልቧ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነበር። እኔን።

ነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩት አላስታውስም። ቀለሙን፣ እርሳሱን፣ ድዷ ላይ ያለውን መስመር፣ በጨርቁ ልሥራ ስትል ያላገጥኩባትን። ዱሼክ በሩ ላይ ቆሞ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኳት። ስጨርስ ድንቹን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«መቼ ነው የነገረዎት?»

«ኦክቶበር አሥራ አራት።»

ጣቶቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ስታጥፋቸው አየሁ። ሳምንቶቹን እየቆጠረች ነው። አምስተኛው ላይ ቆመች።

«እጅዎን ሆዴ ላይ ያደረግኩ ቀን ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«የርስዎስ አራቱ?»

«እነሱም» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ጮክ ብዬ ያልኩት።

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ ሻርፗን አደረገች። የት ልትሄድ ነው ብዬ ተነሳሁ። መቃብር ሄጄ እመጣለሁ አለች፣ ብቻዬን። በሩን ይዛ ቆመች፣ ሳትዞር ተናገረች።

«ለማቱሽ እርስዎ ይነግሩታል። እኔ ከመመለሴ በፊት።»

ሄደች። ድንቹን ልጬ ጨረስኩና ጣድኩት። እየጻፍኩ ያለሁት እጄ ሥራ እንዲይዝ ነው። ከወለድኳቸው ከአምስቱ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው፣ ልጁን ራሱ በሠራው ሳጥን ከቀበረ አሥር ቀኑ ነው።

ደጅ ላይ ኮቴ እሰማለሁ። ከጫማው ላይ በረዶውን እያራገፈ ነው።